በእግዜር ያላለ እንግዳ

እታፈራሁ በየማለዳው ከወንድሟ ኮንዶሚኒየም ተነስታ ቀበና ትወርድና፣ የአባቷን ግቢ የቆርቆሮ በር ከፍታ፣ ጫማዋን በነጠላ ጫማ ቀይራ፣ ከሳሎኑ ጀምራ ግድግዳውን በእጇ ጀርባ እየዳበሰች ቤቱን ትዞራለች፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳበስ። የደረቀውን «ጎሽ» ትለዋለች። ያልደረቀውን በጠመኔ ታሰምርበታለች። ዕድሜዋን ሙሉ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ስለሆነች ጠመኔ ከቦርሳዋ አይጠፋም፤ ተማሪ ካጣች ግድግዳም ቢሆን ታርማለች።

ቤቱን ውኃ ያጠቃው በአዲስ አበባ ደንብ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ከፍቶ፣ አየር ብቻ ሲተፋበት ተበሳጭቶ መሄድ የሁሉም ልማድ ነው፤ መልሶ መዝጋቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እሷና አባቷ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ የጓዳው ቧንቧ ክፍት ቀርቶ ነበር። ስንት ጊዜ ሲለመን የከረመው ውኃ ደግሞ የመጣው እነሱ በሄዱ ማግስት ነው። በተዘጋው ቤት ውስጥ ሌት ተቀን ሲፈስ ሰነበተ፤ የጭቃው ግድግዳም እስኪጠግብ ጠጣ። ተመልሰው እሷ በሩን ስትከፍት ምንጣፉ እግሯ ሥር ተንቦራጨቀ፣ ልስኑ ቁራሽ ቁራሽ እያለ ወድቋል፣ ከጨለማው ኮሪደር መጨረሻ አንድ ነገር ጠብ ጠብ ይላል።

አባቷ አቶ ዘለቀ ዓይናቸውን ካጡ ቆይተዋል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ዕውር አልነበሩም። ከመኝታ ክፍላቸው እስከ ሳሎን በሚወስደው መስኮት የለሽ ኮሪደር ቀኝ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው እንደ ጎረምሳ ይመላለሱ ነበር፤ እጃቸው ያለፈበት መስመር በዓመታት ብዛት ተወልውሎ እንደ አሮጌ ጠረጴዛ ያበራል። ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ግን የሰው እጅ ካልያዛቸው አይነሱም፣ ከቀረበላቸው ምግብ አጋማሹን ይመልሳሉ፣ አንድ ቀንም መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ወድቀው ተገኙ።

«ይሄ ግድግዳ ዲዳ ነው» አሏት ያን ቀን። «እታፈራሁ ልጄ፣ በማላውቀው ግድግዳ ሥር አታስሙቺኝ።»

«ቤትዎን እንደነበረ አድርጌ እመልስልዎታለሁ» አለቻቸው። ሌላ ሁሉ ነገር ቢቀርባት ይህችን ቃሏን መብላት አልፈለገችም።

አቶ ዘለቀ ደግሞ የሥርዓት ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም ኮቴ ከሰሙ ተነስተው «ኖር!» ማለትን አልተዉም፤ የገባው ዳኛም ይሁን ቆጣሪ አንባቢ። የገባውም «በእግዜር፣ አይነሱ!» ይላቸዋል፣ ይቀመጣሉ። ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ «ኖር ብላችሁት በእግዜር ያላለውን ከሰው አትቁጠሩት፤ በሩን ዝጉበት» ይሏቸው ነበር። እታፈራሁ ይህን የተማረችው ከሀሁ እኩል ነው።

ሠሪ ፍለጋው ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። መጀመሪያ የመጣው ግድግዳውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ «ይሄማ ይፍረስና በብሎኬት ይነሳ» አለ። ሁለተኛው ስልክ እያወራ ገባ፣ ስልክ እያወራ ቤቱን ዞረ፣ ስልክ እያወራ ወጣ። ሦስተኛው ንዳው ነበር። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ሜትር ኪሱ የከተተ ሁሉ ኢንጂነር በሚባልበት አገር ይህ ምንም ማለት አይደለም። ንዳው ግን ቢያንስ ጭቃ ቤት አልናቀም።

«እትዬ፣ ጭቃ እንደ ሰው ነው» አላት። «ሲጠጣ ይሰክራል፣ ሲያድር ይበርድለታል። የላላውን አራግፈን፣ የበሰበሰ ማገር ካለ ቀይረን፣ በጭድ አቡክተን እንመርገዋለን። አባትዎ ልዩነቱን ካወቁ እኔ ንዳው አይደለሁም።»

«የሚያውቁት በእጃቸው ነው።»

«እጃቸውን እናታልላለን።»

አነጋገሩን አልወደደችውም፤ ሰውየውን ግን ሳቋ መጥቶ ቀጠረችው።

ሥራው ተጀመረ። ውኃ ያዘለው የአቡጀዲ ኮርኒስ ተቀዶ ሲወርድ የስንት ዘመን ጥላሸትና የአይጥ ኩስ ይዞ ወረደ። ልስኑ ሲራገፍ የግድግዳው አጥንት፣ በልጥ የታሰረው ማገር፣ ጠቁሮ ወጣ። ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ጭድ የተነሰነሰበት ጭቃ በየቀኑ እየተረገጠ ሲቦካ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ጋጣ ጋጣ፣ ደግሞም ከሥሩ የሰነበተ የጠላ አተላ የመሰለ፣ በመጀመሪያ አፍንጫ የሚያስይዝ፣ ኋላ ግን ልብስ ላይ አድሮ የራስ ጠረን የሚሆን ሽታ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ውኃ ስለገባው ተቆርጧል። ስለዚህ ኮሪደሩ ቀትር ላይም ጨለማ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከሁለቱ ጫፍ በሚገባው ብርሃን ብቻ፣ ከመሃል ደግሞ በዳበሳ ይመርጋሉ።

ሳሎኑ ደረቀ። ጓዳውም ደረቀ። የአባቷ ክፍል እንኳ፣ ከሁሉ የባሰው፣ በጥቂት ቀን ጸሐይ ነጣ። ኮሪደሩ ላይ ግን አንድ መስመር አልደርቅ አለ። ስፋቱ የሰው መዳፍ ያህላል፤ ከመኝታ ክፍሉ በር ተነስቶ እስከ ሳሎኑ ደፍ ይዘልቃል፣ ልክ የአባቷ እጅ በሚያልፍበት። እታፈራሁ በጠመኔ ያሰመረችበትን ማለዳ መጥታ ስታይ ጠመኔው ታጥቦ ታገኘዋለች። መጀመሪያ ግድግዳው አባቷን የናፈቀ መሰላት። ጠጋ ብላ ስትለካው ግን የአባቷ እጅ ከሚያልፍበት ትንሽ ዝቅ ይላል።

«ጠጥቷል አልኩዎት እኮ» አለ ንዳው ባትሪ እያበራ። «ለሰካራም ጊዜ መስጠት ነው።»

ኮሪደሩን የሚመርገው ጡሚሶ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራ ላይ ፊቱን ከግድግዳው አይነቅልም፣ የአገሩን ዜማ በአፍንጫው እያንጎራጎረ ጭቃውን በፍራታዞ ያለሰልሳል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደሷ መጣ።

«ማዘር፣ ሽማግሌው መጥተዋል እንዴ?»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«አባትዎ። ከኋላዬ ያልፋሉ። ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ። መንገድ ልልቀቅልዎት ስላቸው አይመልሱም።»

«አባቴ ካዛንቺስ ናቸው፣ ልጃቸው ቤት… ወንድሜ ቤት» አለች፤ ምላሷ ተደናቀፈ። ጡሚሶ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ማንጎራጎሩን ተወ።

ይህ በሆነ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘ። ሠራተኞቹ ሊበሉ ወጥተዋል። እታፈራሁ ሳሎን ውስጥ፣ ጀርባዋን ለኮሪደሩ ሰጥታ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ከውኃው የተረፈውን የአባቷን ሬዲዮ በጨርቅ እየወለወለች ነበር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ውጦታል። ከዚያ መሃል፣ በጣም ቀስ እያለ፣ ከኮሪደሩ የእርጥብ ነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማት፤ ጧ ይልና ይቆያል፣ ጧ ይልና ይቆያል፣ ከኮቴው ጎን ደግሞ መዳፍ ግድግዳ ላይ ሲሳብ የሚያሰማው ደረቅ ያልሆነ ሹክሹክታ አለ። ንዳው በጓሮ በር የገባ መሰላት። እጇ ሥራ ላይ ነው፣ ሐሳቧም አባቷ ላይ። ዘወር ሳትል፣ እንዳደገችበት፣ ከባልዲው ላይ ግማሽ ተነስታ፣

«ኖር!» አለች።

ኮቴው ደፉ ላይ ቆመ። እታፈራሁ «በእግዜር» እስክትባል ግማሽ ቁጭ ግማሽ ብድግ እንዳለች ጠበቀች። ዝናቡ ይወርዳል። የቦካው ጭቃ ሽታ ከኋላዋ መጣ፤ ሞቅ ብሎ፣ ማጅራቷ ላይ። ከዚያ ሠራተኞቹ የሚያርፉበት የሳሎኑ የጣውላ አግዳሚ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው፣ ሲጥ አለ።

ፈራች። «ንዳው?» ማለት ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አላት። ዝናቡ ጋብ ሲል ነው ዘወር ያለችው። ማንም የለም። አግዳሚው ላይ ግን ሰው የሚቀመጥበትን ያህል ስፋት ያለው እርጥበት ነበረ፣ እያየችው ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰበ ደረቀ። የሚያንጠባጥብ ጣራ ይሆናል ብላ ቀና አለች። ጣራው ደረቅ ነበር።

በማግስቱ የኮሪደሩ መስመር ደርቆ አገኘችው።

ንዳው ጨፈረ ማለት ይቻላል። «አላልኩም?» እያለ ግድግዳውን በጥፊ መታ። እታፈራሁም ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ፍርሃቷን አላባረረላትም፣ አብሮ ተቀመጠ እንጂ። ሲመላለስ የነበረው ኮቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሰማም። መሄዱ ከሆነ ተመስገን ነው። ግን የሄደ ሰው የሄደበት ኮቴ ይሰማል፤ ይሄኛው ከተቀመጠ በኋላ ሲነሳ አልሰማችውም።

በዚያው ሳምንት አንድ ማለዳ ገና ከታክሲ ወርዳ ስትገባ ጡሚሶ መዶሻ ይዞ በአባቷ ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«ማዘር፣ እዚህ ጋ ይበቃል?»

ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ትልቅ ሚስማር ተመትቷል።

«ምኑ?»

«የጋቢው መስቀያ። ቅድም እርስዎ ከኋላዬ ሆነው ‘አባባ ሌሊት ጋቢያቸውን ይፈልጋሉ፣ እጃቸው በሚደርስበት ምታልኝ’ አሉኝ እኮ።»

እታፈራሁ የመንገድ ጭቃ ያለበትን ጫማዋን ገና አላወለቀችም። ሚስማሩን አየችው። አባቷ ተኝተው እጃቸውን ቢዘረጉ ልክ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከፍርሃት በፊት የመጣባት ኀፍረት ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብራቸው ስትኖር እሷ ለምን አላሰበችውም?

ከዚያ የመብራቱ ነገር መጣ። አዲሱ መስመር ተዘርግቶ በየክፍሉ አምፖል ሲገባ ኮሪደሩ ተዘለለ። ንዳውን ጠርታ ስትጠይቀው ሳቀ።

«እትዬ፣ ‘አባባ መብራት አያስፈልጋቸውም፣ እኔም አልፈልግም’ ብለው የለም እንዴ? ትናንት፣ ከውስጥ ሆነው።»

«እኔ እንዲህ አልኩህ? ፊቴን አየኸው?»

«ድምፅዎን እኮ አልስተውም» አለ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። አምፖሉን ግን ለማስገባት ወደ ኮሪደሩ አልገባም፤ «ነገ» አለ። ነገም «ነገ» አለ።

ከቤቱ ወጥታ መቅረት አማራት፤ ነገር ግን ለማን ምን ብላ ትናገራለች? መምህርት እታፈራሁ አበደች ይሏታል፣ አለቀ። ወንድሟ ቤት ስትመለስም አባቷ መጀመሪያ የሚጠይቋት «ግድግዳዬ ደረቀ?» ብለው ነው። ክንዳቸው በየቀኑ እየቀለለ ሲሄድ በእጇ ይሰማታል። በሳምንቱ መጨረሻ ደግመው ወደቁ፣ ግንባራቸው ተፈነከተ። ሐኪሙ ሰፍቶ ሲጨርስ አጠገባቸው ያለውን ግድግዳ ዳብሰው «ይኸኛውስ ግድግዳ የማነው?» አሉት፣ እሷ አለቀሰች።

በማግስቱ አርፍዳ ስትደርስ ከኮሪደሩ የጭቃ መጣል ድምፅ ሰማች፤ ጧፍ፣ ጧፍ። ጡሚሶ የእሷን መኝታ ክፍል በር በማገር ዘግቶ እስከ ወገቡ መርጎታል።

«ምን እያደረግህ ነው?!»

ድምፅዋን ሲሰማ ፍራታዞው ከእጁ ወደቀ። ዘወር አለና መጀመሪያ ያየው ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነው።

«‘እዚህ ክፍል የሚተኛ የለም፣ ድፈነው’ አሉኝ» አለ በቀስታ። «ማዘር፣ እኔ ሥራ ላይ ዘወር አልልም። ዛሬ ዘወር አልኩ።»

«ምን አየህ?»

ጡሚሶ ግቢ ወጥቶ ከበርሜሉ ውኃ እየቀዳ እጁን ታጠበ፤ ጭቃው ከለቀቀ በኋላም ታጠበ፤ ከዚያ ኮቱን አንስቶ ፍራታዞውን እንኳ ሳይወስድ በሩን ከፍቶ ሄደ። እታፈራሁ ያልደረቀውን ጭቃ በእጇ እየቧጨረች፣ ማገሩን እየነቀለች፣ ላብና እንባ እየተቀላቀለባት በሩን ከፈተች። «ቤቱ የአባቴ ነው» ትል ነበር ጮክ ብላ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ካህን ልጠራ አለች፣ የሚመጡትም በሳምንቱ እሑድ ነው ተባለች። አባቷ ግን እሑድን የሚጠብቁ አልመሰሏትም። ሐሙስ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ደርቋል ብለሻል። ሥራው አልቋል ብለሻል። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ምን ትበላቸው? ታክሲ ጠራች። አብሬያቸው እሆናለሁ፣ ሌት ተቀን ከጎናቸው አልለይም፣ ብላ ለራሷ ማለች።

ንዳው ከግቢው ውጭ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር። የወትሮው ቀልድ የለም። አቶ ዘለቀን በታክሲው መስኮት ሰላም ካለ በኋላ እሷን ዞር አደረጋት።

«እትዬ፣ ያው አልቋል። ትናንት ‘ሂዱ በቃ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ’ ሲሉን ዕቃችንን ይዘን ወጣን።»

እታፈራሁ ትናንት ቀኑን ሙሉ ከአባቷ አልጋ ሥር አልተነሳችም።

«ምን ያቆመናል?» አሉ አቶ ዘለቀ ከታክሲው ውስጥ። «የቤቴ ሽታ እኮ መጣ!»

ወረዱ። ደጃፉን በእግራቸው ፈለጉት፣ ደፉን ተሻገሩ፣ ቀኝ እጃቸው ግድግዳውን አገኘ። እታፈራሁ ከኋላ ከኋላቸው ክንዷን ዘርግታ ትከተላለች። በጨለማው ኮሪደር ውስጥ ሲራመዱ ወገባቸው እየተቃና፣ እርምጃቸው እየፈጠነ ሄደ፣ ፊታቸው ላይ ካየችው የቆየ ፈገግታ መጣ፤ ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፣ የፈራችውን ሁሉ ረሳችው። ክፍላቸው ገብተው ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጋቢያቸውን ከሚስማሩ ላይ አገኙት።

«ይሄንን ደግሞ አሰብሽልኝ!» አሉ። «ተባረኪ። ግድግዳዬ ራሱ ነው።»

ባለ ታክሲው ክላክስ አሰማ፤ የአባቷ ሻንጣ መኪናው ውስጥ ቀርቷል። «አሁን መጣሁ አባባ» ብላ ወጣች። ሻንጣውን ተቀብላ፣ የግቢውን በር ዘግታ ተመለሰች።

ኮሪደሩ አጋማሽ ላይ ስትደርስ አባቷ ሲስቁ ሰማች። ከሳቁ ሥር አንድ ድምፅ ያወራቸዋል፤ ዝግ ያለ፣ የለመደ፣ ‘ሸ’ ላይ ትንሽ የሚያፏጭ። እታፈራሁ የራሷን ድምፅ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። የክፍሏን በር በእጇ ፈለገች፤ መዳፏ ያረፈው ልሙጥና እርጥብ ግድግዳ ላይ ነው። ሻንጣው ከእጇ ሊወድቅ አለ። ቢሆንም አባቷ እዚያ ናቸው፤ ወደፊት ተራመደች፣ ደፉ ላይ ቆመች።

አቶ ዘለቀ ኮቴዋን ሰሙ። የወንበሩን እጀታ ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ለባዕድ ሰው በሚነሱበት ሙሉ ክብር ብድግ አሉ።

«ኖር!»

መልሱን ታውቀዋለች። ከሀሁ እኩል የተማረችው ነው። አፏን ከፈተች፤ የቦካ ጭቃ ጣዕም ምላሷን ሞላው፣ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። አባቷ እንደቆሙ ጠበቁ። ደግመው ጠበቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጎናቸው፣ ጨለማው ወደሚወፍርበት ወደ አልጋው ራስጌ መለሱ።

«ማናቸው?»

«እንጃ አባባ» አለ ከዚያ የእታፈራሁ ድምፅ፣ በእርጋታ። «ኖር ሲሏቸው በእግዜር አላሉም።»

«እንግዲያው በሩን ዝጊባቸው፣ ልጄ» አሉ አቶ ዘለቀ፣ ተመልሰውም ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።